የሸክላ ወለልም ይሟሻል

አዲስ የሸክላ ምጣድ ተገዝቶ ወዲያው እንጀራ አይጋገርበትም። መጀመሪያ ይሞቃል፤ ከዚያም በተፈጨ ጎመን ዘር ደጋግሞ ይታሻል። ይህ ሥራ ማሟሸት ይባላል። ያልተሟሸ ምጣድ እንጀራውን ይይዛል፤ አያስነሳም።

ቴራኮታ የሚባለው የወለል ሸክላም የምጣድ ዘመድ ነው። ስሙ ጣልያንኛ ሲሆን «የተጋገረ አፈር» ማለት ነው። ቀይ መልኩን ያገኘው በአፈሩ ውስጥ ካለው ብረት ነው። ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት ውሃ፣ ዘይትና ቡና ይመጥጣል። ስለዚህ እሱም መሟሸት አለበት።

ስትገዙ

መጀመሪያ ቦታውን አስቡ። ውርጭ ባለበት አገር፣ ከቤት ውጭ ያለ ሸክላ የጠጣው ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰፋና ሸክላውን ይሰነጥቀዋል። በሜክሲኮዋ ሳልቲዮ ከተማ ስም የሚጠራው ለስላሳ ሸክላ ለእንዲህ ዓይነት ቦታ አይሆንም። በጣልያን፣ ፍሎረንስ አጠገብ በምትገኘው ኢምፕሩኔታ የሚሠራው ግን ውርጭን በመቋቋም ይታወቃል።

የሸክላው መልክ ከካርቶን ካርቶን ይለያያል። ሲነጠፍ ከብዙ ካርቶኖች እየተቀላቀለ ይሁን። ለሚሰበረውም 10 በመቶ ያህል ጨምራችሁ ግዙ።

ስታሟሹ

የቆየው ዘዴ የተልባ ዘይትና ሰም መቀባት ነው። ዛሬ ለዚሁ የተዘጋጀ ቅባት ይሸጣል። ሸክላው በደንብ ከደረቀ በኋላ ቀቡት። በሸክላዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከመሞላቱ በፊት አንድ ጊዜ መቀባት ይጠቅማል፤ መሙያው ሸክላውን አያበላሽም።

ተጠንቀቁ! በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማዶ ከተጣለ ራሱ ሞቆ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ከቤት ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።

ስታጸዱ

ጥረጉት፤ ከዚያ በለብታ ውሃና በጥቂት ለስላሳ ሳሙና ወልውሉት። ኮምጣጤና ሎሚ አትጠቀሙ፤ ቅባቱን ይጎዳሉ።

ቡና ስታፈሉ ከከሰሉ ምድጃ ሥር ሰፊ ትሪ አድርጉ። ቡና ከፈሰሰ ቶሎ ጥረጉት።

ወለሉ እንደገና መሟሸት እንዳለበት ለማወቅ አንድ ጠብታ ውሃ ጣሉበት። ጠብታው ክብ ሆኖ ከቆየ ወለሉ ደህና ነው። ሸክላው ጠጥቶት ከጠቆረ ግን እንደገና የምታሟሹበት ጊዜ ደርሷል።

የሳምንቱ ቃል፦ አሟሸ፣ ያሟሻል፣ ማሟሸት። ቤታችሁ ያለው ጀበና ወይም ምጣድ በምን እንደተሟሸ እናታችሁን ወይም አያታችሁን ጠይቁ።