ኢዕቲካፉስ እሺ፣ ሽንኩርቱን ማን ይክተፈው?

ዛሬ ረመዷን 20 ነው፣ ማታ አስሩ ሌሊቶች ይገባሉ። ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ከሦስት ቀን በፊት ድሮ ያስተማርኳት ልጅ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። አሁን አግብታ ሁለት ልጆች ወልዳለች። «ቲቸር፣ ሴት ልጅ ቤቷ ውስጥ ኢዕቲካፍ ብትገባ ይቆጠርላታል?» አለችኝ። እኔ ኡስታዝ አይደለሁም፣ የሂሳብ አስተማሪ ነኝ። «ዓሊሞችን ጠይቂ» ልላት ስል እሷ ቀጠለች፣ ለካ ጠይቃለች። ሰፈሯ ያለው መስጂድ የሴቶቹ ክፍል ተራዊህ እንዳለቀ ይቆለፋል። «እንግዲያው ቤቴ አንድ ጥግ ይዤ ልግባ» ስትል ደግሞ ባሏ «ቤት ውስጥ ኢዕቲካፍ የለም» የሚል ፈትዋ ስክሪንሾት አንስቶ በቴሌግራም ላከላት። አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው! «ታዲያ የት ልግባ ቲቸር?» ነው ጥያቄዋ። (ፈቅዳልኝ ነው የጻፍኩት፣ ማን ናት ብላችሁ አትመራመሩ።)

ፈትዋው ውሸት አይደለም። ማሊኪዮቹም ሻፊዒዮቹም ሐንበሊዮቹም ኢዕቲካፍ ለወንድም ለሴትም መስጂድ ውስጥ ነው ይላሉ። በሱረቱል በቀራ 187ኛው አንቀጽ ላይ ኢዕቲካፍ የተጠቀሰው ከመስጂድ ጋር ነው፣ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤቶችም የገቡት መስጂድ ነው። ሐነፊዮቹ ደግሞ ሴት ቤቷ ውስጥ ለሰላት የለየቻት ቦታ ለሷ መስጂዷ ናት፣ እዚያው ትገባለች፣ እንዲያውም ይሄ ይሻልላታል ይላሉ። ኢማሙ ሻፊዒም ቀደም ባለው አቋማቸው ፈቅደውት ነበር፣ በመዝሀባቸው የጸናው ግን የኋለኛው ነው። እኛ ወሎዎች ዘንድ ሻፊዒውም ሐነፊውም ስላለ በአንድ ሰፈር ሁለቱንም መልስ መስማት ይቻላል።

እኔ የተማርኩት በሻፊዒ ነው። ስለዚህ «አዎ፣ ኢዕቲካፍ ነው» ብዬ ልጽፍላት አልደፈርኩም። ግን እሺ፣ ስሙ ኢዕቲካፍ አይሁን። አንዲት ሴት አስር ሌሊት በሯን ዘግታ፣ ስልኳን አጥፍታ ብትሰግድ፣ ቁርአን ብትቀራ፣ ዱዓ ብታደርግ የትኛው መዝሀብ ነው የሚከለክላት? አንዱም። ባልየው ስክሪንሾቱን የላከው ለሸሪዓው ተቆርቁሮ ቢሆን ኖሮ ቀጥሎ «ስሙን ተይውና ግቢ፣ ልጆቹን እኔ እይዛለሁ» ይላት ነበር። አላላትም።

ባልየውን ለማማት አይደለም ይሄን የምጽፈው፣ ወላሂ ራሴን አውቀዋለሁ። አራት ረመዷን በተከታታይ የመጨረሻዎቹን አስር ሌሊቶች መስጂድ ነው ያደርኩት። ትምህርት ቤት ያለ ቀን አስተምሬ እመለሳለሁ፣ ከዚያ እንደገና ነይቼ እገባለሁ። ኢፍጧሬ በሳህን ተሸፍኖ ይመጣልኛል፣ ሱሁሬም እንደዚሁ። ልብሴ ታጥቦ ይላክልኛል። ባለቤቴ ሌሊት 8 ሰዓት ተነስታ ሠርታ፣ ለልጃችን ሰጥታ፣ ልጁ በቶርች ያመጣልኛል። እኔ «ማሻአላህ፣ እንዴት ጣፈጠ» ብዬ በልቼ ወደ ቁርአኔ።

ሦስተኛው ዓመት ላይ፣ የዒድ ዋዜማ ቤት ገብቼ ሁለት ጊዜ ማኽተሜን ስነግራት ጉራም ነበረበት፣ አልዋሽም። «አንቺስ የት ደረስሽ?» አልኳት። ቁርአኗን አነሳችና ክሯን አሳየችኝ፣ አራተኛው ጁዝእ ላይ ነበር። ከዚያ እየሳቀች «እኔ እኮ ረመዷንን የማውቀው በሽንኩርት ነው» አለች። እኔም ስቄ ዝም አልኩ። ይባስ ብዬ በሚቀጥለውም ዓመት ገባሁ። ሰው ቶሎ አይማርም።

እዚህ ላይ የ2012ን ረመዷን አስታውሱ። በኮሮና ምክንያት መስጂዶች የተዘጉበት ጊዜ። ተራዊህን ሳሎን ላይ የሰገድንበት። ያን ጊዜ የኛ የወንዶቹ እሮሮ ምን ነበር? «ቤት ውስጥ ልብ አይሰበሰብም፣ ልጅ ይጮኻል፣ ቲቪ አለ፣ ሰው ይጠራሃል።» አንዳንዱማ አልቅሷል፣ እኔም አንዱ ነኝ። ለኛ የአንድ ዓመት መከራ የነበረው ለነሱ የየዓመቱ ረመዷን መሆኑን ያኔ አላሰብነውም።

«ሴት ቤቷን ማገልገሏ ኢባዳዋ ነው፣ ፆመኛ ያስፈጠረ አጅሩ ትልቅ ነው» የሚል ኮሜንት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ልክ ነው፣ አጅር አለው። ታዲያ አጅሩ ይህን ያህል ከሆነ እኛ ለምን አንሽቀዳደምበትም? አንደኛው ሶፍ ላይ ለመቆም የምንጋፋ ሰዎች ድስቱ ጋ ስንደርስ ለምን እንዲህ ለጋስ ሆንን?

ስለነዚህ ሌሊቶች ዓኢሻ (ረ.ዐ) ያስተላለፈችውን ሐዲስ ሁላችንም በየዓመቱ እንሰማዋለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስሩ ሲገባ ሽርጣቸውን ያጠብቁ፣ ሌሊቱን ሕያው ያደርጉ፣ ቤተሰባቸውንም ይቀሰቅሱ ነበር። እኛም ቤተሰብ እንቀሰቅሳለን፣ ለሱሁር ማብሰያ! ቤታቸው ሲሆኑ ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቃም ቤተሰባቸውን ያገለግሉ ነበር፣ የሰላት ሰዓት ሲደርስ ወደ ሰላት ይወጡ ነበር ብላለች። ለይለተል ቀድርን ካገኘን ምን እንበል ብለን የምናደርጋት ያቺ አጭር የይቅርታ ዱዓ ራሷ የተገኘችው ዓኢሻ ስለጠየቀች ነው። ሌሊቱን እየጠበቀች የነበረች ሴት ናት እንዲያ የምትጠይቅ።

የባል ፈቃድ ያስፈልጋል የሚባለውም አለ። አዎ፣ ፉቀሃዎቹ ጽፈውታል። ግን «ፈቅጄልሻለሁ» ብሎ ከዚያ ኢፍጧር ላይ አምስት እንግዳ ይዞ የሚመጣ ሰው ምኑን ነው የፈቀደው?

የመስጂድ ኮሚቴዎችንም ይመለከታል። ኢዕቲካፍ ለሴትም መስጂድ ነው ብላችሁ የምታስተምሩ ከሆነ የሴቶቹን ክፍል በነዚህ አስር ሌሊቶች ክፈቱላቸው። መብራት፣ መጸዳጃ፣ በር ላይ አንድ የሚታመን ጥበቃ። የነቢዩ ባለቤቶች ከሳቸው ሕልፈት በኋላም ኢዕቲካፍ ይገቡ እንደነበር ሐዲሱ ቡኻሪም ሙስሊምም ውስጥ አለ።

ወደ ቤቴ ልመለስ። ዘንድሮ ከባለቤቴ ጋር ሻዕባን ላይ ነው የተነጋገርነው። የልጆቹ መኝታ ክፍል ለሷ ተለቅቋል፣ ልጆቹ ከኔ ጋር ሳሎን ይተኛሉ። መስገጃ፣ ቁርአን፣ አንድ ጀሪካን ውሃ፣ ሌላ ምንም። ስልኳ እኔ ጋ ይቀመጣል፣ ዘመድ ሲደውል የማነሳው እኔ ነኝ (እህቷ ከወዲሁ ተቆጥታለች)። ካፈጠረች በኋላ ትገባለች፣ እስከ ሱብሒ ማንም አያንኳኳም። ሱሁሩ የኔ ነው። ኢፍጧር ላይ ሳምቡሳ በየቀኑ የለም፣ ተምርና ሾርባ ከዚያ እንጀራ። እንግዳ ከዒድ በኋላ። ሰላት የሌለባት ቀናት ቢገጥሟትም ክፍሉ የሷ ነው፣ ዚክርና ዱዓ አይከለከልም፣ «እንግዲያማ ውጪና ሥሪ» የለም። እሷ ሐነፊዮቹን ይዛ ኢዕቲካፍ ብላ ነይታለች። እኔ ምንም አላልኳት።

እኔ መስጂድ የማድረው ሦስት ሌሊት ብቻ ነው፣ ያኔ እህቴ መጥታ ልጆቹ ጋ ታድራለች። ቀላል ነው አልላችሁም። ትናንት ጓደኞቼ ፍራሽ ሲያስገቡ ሳይ ቅናት ቢጤ ያዘኝ። እናቴ ደግሞ ሽንኩርት ስከትፍ አይታኝ «ልጄ፣ አሞሃል?» አለችኝ። ነገሩን ሳስረዳት ብዙ ዝም ብላ ቆየችና «እኔም አባትህ በሕይወት እያለ አንድ ጊዜ ጠይቄው ነበር» አለች። ምን እንዳላት አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳት።

ለተማሪዬ የጻፍኩላት መልስ አጭር ነው፤ ይህን ጽሑፍ ለባለቤትሽ ላኪለት አልኳት። በቴሌግራም።

በሉ፣ 11 ሰዓት ሆነ፣ ሾርባው እየገነፈለብኝ ነው። በዱዓችሁ አትርሱን፣ እናንተም ቤት እንዴት እንደተመካከራችሁ ጻፉልኝ፣ ከተራዊህ በኋላ አነባለሁ።