ሰውየው ሕፃን አይደለም

ሰሞኑን በቪዲዮ ቤቱ የታየው የፊሊፒንስ ፊልም ሰፈሩን ሁሉ አነጋግሯል። ስሙ «ተአምር በእስር ቤት ክፍል ቁጥር 7» እንደ ማለት ነው። ላላያችሁት ባጭሩ እንንገራችሁ፦ ጆሴሊቶ የሚባል፣ አእምሮው የዘገየ አባት የባለሥልጣን ልጅ ገድለሃል ተብሎ በሐሰት ይከሰስና ሞት ይፈረድበታል። አብረውት የታሰሩት ወሮበሎች ይወዱትና ትንሿን ልጁን ደብቀው ክፍላቸው ያስገቡለታል። ሳቁ እዚህ ላይ ነው። ዋናው ተዋናይ አጋ ሙላክ ነው፤ ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2019 ለማኒላው የገና ፌስቲቫል የወጣ ሲሆን የተቀዳውም በ2013 ከተሠራው የኮሪያ ፊልም ነው።

ጠባችን ከሳቂዎቹ ጋር ነው። «ሳቅ ምን ያስከፍላል?» ይሉናል። ያስከፍላል እንጂ! ፊልሙ ከታየ ማግስት ጀምሮ በውኃ ሰልፍ ላይ አንድ ወገናችንን «ጆሴሊቶ» እያሉ መጥራት ተይዟል። ጠሪዎቹ ልጆች ቢሆኑ በተግሣጽ ባለፍናቸው፤ ጢም ያወጡ ሰዎች ናቸው እንጂ። የሚጠሩት ሰው አርባ ዓመት አልፎታል። እናቱን በእጁ የቀበረ፣ ጀሪካኑን ማንም ሳያግዘው የሚሸከም ሰው ነው።

ለመሆኑ ፊልሙን በቅጡ አይታችሁታል? ፍርድ ቤት የቆመበትን ቦታ አስታውሱ። ያላደረገውን «አድርጌአለሁ» ይላል። ለምን ቢሉ፣ ካላመንክ ልጅህን እንጎዳታለን ብለው አስፈራርተውታል። የራሱን ነፍስና የልጁን ነፍስ መዝኖ የእርሷን መረጠ። እንዲህ የሚመዝን ሕፃን የት አገር አለ? በዚያች ሰዓት ከዳኛውም፣ ከጠበቃውም፣ ከከሳሹም ይልቅ አዋቂ እርሱ ነበር። እናንተ ግን አረማመዱን ብቻ ይዛችሁ ወጣችሁ።

ፊልሙንም ቢሆን በነጻ አንለቀውም። እንባችንን ለመግዛት ሲል ሰውየውን መልአክ አድርጎታል። ቁጡ ቢሆንስ ኖሮ? ስስታም፣ ነገረኛ ቢሆንስ? ያን ጊዜ በሐሰት መገደሉ ሊያስከፋን አይገባም ነበር ማለት ነው? ወህኒ ቤቱንም የሠርግ ድንኳን አስመስሎታል፤ ታስሮ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ክፍል አላየም።

«የቱርኩ ይሻላል፣ እዚያ አባትየው ይተርፋል» የሚሉም አሉ። ይተርፋል፤ ግን በእርሱ ፋንታ ሌላ እስረኛ ይሰቀላል። ገመዱ ሥራውን አላቆመም። የፊሊፒንሱ አባት መሞቱን የምንደግፈው ጨካኞች ሆነን አይደለም። በዚያ አገር የሞት ቅጣት በ1993 ተመልሶ፣ በ1999 እና በ2000 ሰባት ሰዎች በመርፌ ተገድለዋል። በ2006 ቅጣቱ ተሻረ። ይሁንና በመጋቢት 2017 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤታቸው ይመለስ ብሎ ድምፅ ሰጠ፤ ነገሩ ሴኔቱ ዘንድ ቀረ። ፊልሙ የታየው ከዚህ በኋላ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አልቀረም፤ ለማኒላ ተመልካች ተረት አልነበረም። አባትየውን በመጨረሻ አትርፈው ቢልኩት ሕዝቡ ተጽናንቶ ይተኛ ነበር።

ቅዳሜ ማታ በድጋሚ ይታያል ተብሏል። ለዚያ ወገናችን ወንበር አስይዘንለታል፤ ደስ ካለው ይመጣል። ሊጠራው የሚሻ ሁሉ ትክክለኛ ስሙን ያውቃል።