ቁጥጥሩ ከዕጣው ይቅደም
ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወጣው የ25,491 የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ በቀናት ውስጥ ተሰረዘ። የሚጠበቅባቸውን ያልቆጠቡ ሰዎች ከዕጣው ገብተው ተገኙ፤ የተጠረጠሩ ኃላፊዎችና የኮምፒውተር ባለሙያዎች ታሰሩ፤ ዕጣው በኅዳር 2015 እንደገና ወጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። በ1997 ለቤት ተመዝግባ፣ በ2005 ዳግም ተሰልፋ፣ ከልጆቿ አፍ ቀንሳ በየወሩ ንግድ ባንክ ስታስገባ የኖረች እናት የምትጠብቀው ተራዋን እንጂ የማንንም ችሮታ አይደለም። ይህን ተራ የመጠበቅ ኃላፊነት የከተማው ምክር ቤት ነው። ኃላፊነቱን ደግሞ ሪፖርት አዳምጦ እጅ በማውጣት አይወጣውም። የዕጣውን ሶፍትዌር ማን ሠራው? ማንስ ፈተሸው? የተወዳዳሪዎቹ ስም ከባንኩ የቁጠባ መዝገብ ጋር ተመሳክሯል? እነዚህን ለመጠየቅ ወኔ፣ መልሱን ለመመዘን ደግሞ ሙያ ያስፈልጋል። መረጃ መመርመር የሚችል ባለሙያ ከጎኑ የሌለው የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ የተነገረውን ከማመን ሌላ ምርጫ የለውም። ስለዚህ ምክር ቤቱ ለቤት አስተላላፊው መሥሪያ ቤት ተጠሪ ያልሆኑ የሶፍትዌርና የኦዲት ባለሙያዎችን ይቅጠር፤ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞችም በየጊዜው ይሠልጥኑ፣ ብቃታቸውም ይመዘን። ከዕጣው በፊት የባለሙያዎቹ ምርመራ ውጤት ለሕዝብ ይፋ ካልሆነ ግን ምክር ቤቱ ዕጣው እንዲወጣ ሊፈቅድ አይገባም።