ዝገትን ማድነቅ ቤትን ማወቅ አይደለም

ባሁኑ ጊዜ በወጣቶቻችን ዘንድ አንድ ልማድ በዝቶ ይታያል። ይኸውም ኪስ የምትገባ ትንሽ ካሜራ ይዞ በአሮጌ ሰፈር እየዞሩ፥ የተሰነጠቀ ግድግዳ፥ የዛገ ቆርቆሮና የተንጋደደ በረንዳ ፎቶግራፍ ማንሣት ነው። ልማዱን አልነቅፍም፤ ጊዜን በከንቱ ከማሳለፍ ይሻላል። የምነቅፈው ብዙዎቹ የሚያነሡበትን ልብ ነው። ዝገቱን ያደንቃሉ፤ ቤቱን ግን አያውቁም።

አንዳንዱ፥ «እኔ የምፈልገው ውበቱን ነው፤ የቤቱን ታሪክ መመርመር የታሪክ ጸሐፊ ሥራ ነው» ይላል። ይህ አነጋገር ሲሰሙት ያማረ፥ ሲመረምሩት ግን ባዶ ነው። ለእርሱ ውብ የሆነው ስንጥቅ ከውስጥ ለምትኖረው እናት የክረምት ብርድ ነው። የተበሳው ቆርቆሮ ለፎቶግራፉ ጌጥ ቢሆን፥ በአልጋዋ ላይ ዝናብ ያወርዳል። ምክንያቱን ሳይጠይቁ «እንዴት ያምራል!» ብሎ መሄድ፥ የታመመ ሰው ዘንድ ገብቶ ስለ መክሳቱ እንደ ማመስገን ነው።

እርጅናውም ቢሆን ያለ ምክንያት አልመጣም። የአዲስ አበባን ፒያሳ ተመልከቱ። የአርመንና የሕንድ ግንበኞችና አናጢዎች ከአገራችን ሠራተኞች ጋር ሆነው የሠሯቸው፥ ምድር ቤታቸው በድንጋይ፥ ፎቃቸው በእንጨትና በጭቃ የሆነ፥ ሰፊ በረንዳ ያላቸው ቤቶች ነበሩበት። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፥ ከእነዚህ ብዙዎቹ በቀበሌ ሥር ገቡ። አንዱ ቤት ለብዙ ቤተ ሰብ ተከፋፈለ፤ ኪራዩ ጥቂት ብር ስለ ሆነ ለጥገና አልበቃም፤ ተከራዩም የእኔ በማይለው ቤት ላይ ገንዘቡን ማፍሰስ ፈራ። ዝገቱ ይህን ሁሉ ይናገራል፤ የሚሰማው ግን የጠየቀ ሰው ብቻ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው በፒያሳ ዶሮ ማነቂያን የመሰለ የቆየ ሰፈር ፈረሰ፤ ነዋሪውም ወደ ሌላ ስፍራ ሄደ። ዛሬ ያን ሰፈር የሚያሳዩ ፎቶግራፎች በየወጣቱ እጅ አሉ። ነገር ግን «ይህ የማን ቤት ነበር? በየትኛው መንገድ ዳር ቆሞ ነበር?» ቢባሉ መልስ የሚሰጡት ስንቶቹ ናቸው? ስምና ቀን ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ አፍ የሌለው ምስክር ነው።

«ካሜራዬ ትንሽ ናት» የሚለውንም ሰበብ አልቀበልም። ትንሿ ካሜራ ለዚህ ሥራ ትበቃለች። ወደ ላይ ስታቀኗት ግድግዳው ወደ ኋላ የወደቀ ያስመስለዋልና፥ ራቅ ብላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ያዟት። ፀሐይ ከጎን ስታበራ የእንጨቱ ቅርጽ ጎልቶ ይወጣል። መጀመሪያ ሙሉውን ቤት፥ ቀጥሎም በሩን፥ መስኮቱንና ደረጃውን አንሡ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በሩን አንኳኩና፥ «እንደምን አደሩ እማማ፤ ቤትዎን ፎቶግራፍ ባነሣ ይፈቅዱልኛል?» በሉ። እምቢ ቢሉ አመስግናችሁ ሂዱ። ቢፈቅዱ፥ ቤቱን ማን እንዳሠራውና ከመቼ ጀምሮ እንደ ኖሩበት ጠይቃችሁ በደብተር ጻፉ፤ ቀኑንና የሰፈሩንም ስም ጨምሩ። ፎቶግራፉን ስታሳትሙም አንዱን ለእርሳቸው ውሰዱላቸው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ከፈረሰው ሰፈር የወጡት ልጆች አንድ ቀን የአያታቸውን ቤት ሊጠይቁህ ይመጣሉ። ያን ጊዜ የሚፈልጉት ዝገቱ ምን ያህል ያምር እንደ ነበረ እንድትነግራቸው አይደለም፤ ቤቱ የትኛው እንደ ነበረ እንድታሳያቸው ነው።