ንቧ ያስተማረችን ሙራጀዓ



በአዊ ዞን በግምጃ ቤትና አካባቢዋ ቀፎ ያላቸው ወገኖቻችን የሚያውቁት አንድ ነገር አለ። ቀፎው ከቆመበት ጥቂት ሜትሮች ቢነሳ፣ ለቀሰም የወጡት ንቦች ተመልሰው የሚዞሩት ባዶውን የቀድሞ ቦታ ነው። መንገዱን አጥንተውታልና!

በቁርኣን ውስጥ አንድ ሱራ በስሟ የተጠራላት ይህች ፍጡር፣ አንጎሏ ከስንዴ ቅንጣት እጅግ ያነሰ ነው። በውስጡ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት ይገኛሉ፤ በሰው አንጎል ያሉት ደግሞ 86 ቢሊዮን ያህል ናቸው። ታዲያ በዚያች ጠባብ ስፍራ ትምህርቱ የት ይቀመጣል?

ኤሪክ ካንዴል የተባሉት ሳይንቲስት መልሱን የፈለጉት የጀርባ አጥንት በሌላት የባሕር ቀንድ አውጣ ላይ ነበር። ለዚህም ጥናታቸው እ.ኤ.አ. በ2000 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። እርሳቸው እንዳሳዩት፣ አንድ ጊዜ የደረሰ ነገር በሁለት ሕዋሳት መካከል የሚተላለፈውን መልእክት ለጥቂት ጊዜ ያጠነክረዋል፤ ወዲያው ግን ይደክማል። ፋታ እየተሰጠ ሲደጋገም ሕዋሱ አዲስ ፕሮቲን ይሠራል፣ አዲስ መገናኛም ያበቅላል። ያን ጊዜ ትምህርቱ ለቀናትና ለሳምንታት ይጸናል።

ንቧም እንዲሁ ናት። አንድን ሽታ ከስኳር ውሃ ጋር ያገኘች ንብ፣ በኋላ ሽታው ብቻውን ሲመጣ ምላሷን ትዘረጋለች። ማርቲን ሐመር እ.ኤ.አ. በ1993 አንዲት የነርቭ ሕዋስ ብቻ ብትነቃቃ የስኳሩን ቦታ ተክታ ንቧን እንደምታስተምር አሳይተዋል። በንቧም ቢሆን በጥድፊያ ከተደራረበው ይልቅ በፋታ የተደገመው ትምህርት ይቆያል።

ይህ ደንብ በሰው ላይም የታየ ነው። እኛ ወላጆች ግን ምን እናደርጋለን? ልጁን አንድ ሙሉ ገጽ በአንድ ቁጭታ እናስሐፍዘውና በሳምንቱ ሲረሳው እንቆጣዋለን። አንዳንዶቻችንም ዱላ እናነሳለን። ልጁም ከቁርኣኑ ይሸሻል። ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው!

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የቁርኣንን ባለቤት በታሰረ ግመል ባለቤት መስለው፣ ዘወትር እንዲከታተለው አሳስበዋል። እንግዲያው ከፈጅር በኋላ ጥቂት አንቀጾች፣ ከዐስር በኋላ ክለሳ፣ በማግስቱና በሳምንቱ ደግሞ ሙራጀዓ ይሁን። ለትምህርት ቤት ፈተና የምትዘጋጁ ወጣቶችም ዋዜማውን አትጠብቁ።

አላህ (ሱ.ወ.) ጠቃሚ ዕውቀትን ይወፍቀን። አሚን!