ማዕድን የኮንጎ ሰላም መያዣ መሆን የለበትም

የኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊኩ ፊሊክስ ቺሴኬዲና የሩዋንዳው ፖል ካጋሜ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2025 መጀመሪያ ዋሽንግተን ላይ በፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ፊት የሰላም ስምምነታቸውን አጽድቀዋል። በዚያው ዕለት ኪንሻሳ ከአሜሪካ ጋር ሌላ ሰነድ ፈረመች። ይኸኛው የስትራቴጂክ አጋርነት ውል ሲሆን፣ የአሜሪካ ባለሀብቶች ከሌላው ቀድመው የሚስተናገዱባቸውን የማዕድን ሀብቶች ለይቶ ያስቀምጣል። ፊርማው ሳምንት እንኳ ሳይሞላው በሩዋንዳ የሚደገፉት የኤም 23 ታጣቂዎች በደቡብ ኪቩ ወደምትገኘው ኡቪራ ገቡ፤ ነዋሪውም ድንበር እየተሻገረ ወደ ቡሩንዲ ጎረፈ። ሰላሙና የማዕድን ውሉ እንዲህ መቆራኘታቸውን ይህ ጋዜጣ ይቃወማል። ሰላም የግብይት ተከታይ ከሆነ ዕድሜው በገዢው ፍላጎት ይወሰናል፤ የገዢው ፍላጎት ደግሞ ሲመጣና ሲሄድ ኮንጎ ከአንድ ጊዜ በላይ አይታዋለች።

ዋሽንግተን ኮንጎን ያወቀቻት በማዕድኗ ነው። ሂሮሺማ ላይ ለተጣለው የአቶም ቦምብ ከዋለው ዩራኒየም አብዛኛው የተገኘው ካታንጋ ክፍለ ሀገር ውስጥ ካለው የሺንኮሎብዌ ማዕድን ማውጫ ነበር። አገሪቱ ያን ጊዜ የቤልጂግ ቅኝ ግዛት ስለነበረች የኮንጎን ሕዝብ ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም። ነፃነት እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 1960 ታወጀ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ካታንጋ በቤልጂግ ወታደሮችና በማዕድን ኩባንያው በዩኒየን ሚኒየር ድጋፍ ተገነጠለች። ጠቅላይ ሚኒስትር ፓትሪስ ሉሙምባ ዕርዳታ ፍለጋ ዋሽንግተን ድረስ ሄደው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርን ሳያገኙ ተመለሱ። ፊታቸውን ወደ ሶቪየት ኅብረት ሲያዞሩ፣ የሲአይኤው ዳይሬክተር አለን ደለስ የእሳቸው መወገድ አስቸኳይና ቀዳሚ ዓላማ እንዲሆን በኦገስት ቴሌግራም አስተላለፉ፤ መርዝም ተላከ። ይህን ያጋለጠው እ.ኤ.አ. በ1975 ጉዳዩን የመረመረው የአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ ራሱ ነው። መርዙ ሥራ ላይ ባይውልም፣ ሉሙምባ በጃንዋሪ 1961 ለካታንጋ ገንጣዮች ተላልፈው ተሰጥተው ተገደሉ። ከ1965 እስከ 1997 የገዙት ሞቡቱ ሴሴ ሴኮ በአንጻሩ ከኒክሰን እስከ አባት ቡሽ ድረስ በኋይት ሐውስ በክብር ተስተናግደዋል፤ ለአንጎላው አማጺ ቡድን ለዩኒታ የሚላከው የጦር መሣሪያም በግዛታቸው በኩል አልፏል። ቀዝቃዛው ጦርነት ሲያበቃ ወዳጅነቱም አበቃ። ለኮንጎ የቀረላት ባዶ ካዝናና ደመወዝ የማይከፈለው ጦር ነበር፤ ከ1996 ጀምሮ ጎረቤቶቿ ድንበሯን ጥሰው ሲገቡ ያ ጦር ሊያቆማቸው አልቻለም። የዛሬው የምሥራቅ ኮንጎ ጦርነት ሥሩ በከፊል እዚያ ነው።

አሁን ወዳጅነቱን የቀሰቀሰው ኮባልት ነው። ከዓለም ምርት ወደ 70 በመቶ የሚጠጋው ከኮንጎ ይወጣል፤ አብዛኛውን የሚቆጣጠሩት ደግሞ የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። የአሜሪካው ፍሪፖርት ማክሞራን ግዙፉን የቴንኬ ፉንጉሩሜ ማውጫ እ.ኤ.አ. በ2016 በ2.65 ቢሊዮን ዶላር ለቻይና ኩባንያ ሲሸጥ ዋሽንግተን አልከለከለችም፤ ያን ጊዜ ኮንጎ አላሳሰበቻትም። ቻይናስ ምን የተለየ አድርጋለች የሚል መከራከሪያ ይነሳል፤ ተገቢም ነው። በ2008 ማዕድን በመንገድና በሆስፒታል ይለወጥ ተብሎ የተገባው የሲኮሚን ውል ኮንጎን ስለጎዳ ኪንሻሳ ራሷ በ2024 ድርድሩን እንደገና ከፍታ የመሠረተ ልማቱን ድርሻ ወደ 7 ቢሊዮን ዶላር አሳድጋለች። ይሁንና የቻይና ውል ጎዶሎ መሆኑ የአሜሪካን ውል ሙሉ አያደርገውም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ጦር በ2023 መጨረሻ ከኮንጎ ወጣ፤ የምሥራቅ ኮንጎዋ ከተማ ጎማ በጃንዋሪ 2025 በኤም 23 እጅ ከወደቀች በኋላ የደቡብ አፍሪካ ልማት ማኅበረሰብም ጦሩን ለማስወጣት ወሰነ፤ የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪም ከተሞቹን አላዳነም። ታዲያ ከአሜሪካ ሌላ ማን አለ? የአሜሪካ ጫና ክብደት እንዳለው አንክድም። ይህ ጫና እንዲገኝ ግን ማዕድን ማስረከብ ግዴታ ነው የሚለውን አንቀበልም፤ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ያስተባብለዋልና። ኤም 23 በኖቬምበር 2012 ጎማን ሲይዝ፣ አሜሪካና የአውሮፓ መንግሥታት ለሩዋንዳ የሚሰጡትን ዕርዳታ መቀነስና ማቆም ጀምረው ነበር። ቀጥሎም የታንዛኒያ፣ የደቡብ አፍሪካና የማላዊ ወታደሮች ያሉበት የተባበሩት መንግሥታት ብርጌድ ከኮንጎ ጦር ጋር ተሰለፈ። በአንድ ዓመት ውስጥ ታጣቂው ቡድን ተሸነፈ። ለዚያ ድል ኮንጎ ለማንም የማዕድን ቅድሚያ አልሰጠችም። ዛሬ የማዕድን ቅድሚያውን ፈርማ እንኳ፣ ብትወረር አሜሪካ ትከላከላታለች የሚል ግዴታ በእጇ የለም።

ኪንሻሳም ከተጠያቂነት አታመልጥም። ግብዣው የመጣው ከራሷ ነው፤ የማዕድን ገቢዋ ከሞቡቱ ዘመን ጀምሮ በሹማምንቷ እጅ ሲባክን ኖሯል። አቅም ሳይኖራት ቀርቶ ግን አይደለም፤ በፌብሩዋሪ 2025 የኮባልት ኤክስፖርቷን አቋርጣ በኋላም በኮታ ስትገድበው፣ ወድቆ የነበረው የዓለም ዋጋ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። ይህ ጉልበት መዋል ያለበት ማዕድኑ እዚያው አገር እንዲጣራና ሠራተኛው ተገቢውን እንዲያገኝ ነው። የአፍሪካ ኅብረትም በሚቀጥለው የአዲስ አበባ ጉባኤው ሁለት ነገር እንዲወስን እንጠይቃለን፤ የሩዋንዳ ጦር ከኮንጎ ምድር መውጣት ከየትኛውም የማዕድን ውል ጋር እንዳይያያዝ፣ አባል አገሮችም በጦርነት ውስጥ ሳሉ የሚፈርሟቸው የማዕድን ውሎች በፓርላማዎቻቸው አንቀጽ በአንቀጽ እንዲመረመሩ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለኮንጎ አንድነት ወታደሮቿን ልካለች፤ ጄኔራል ከበደ ገብሬም የተባበሩት መንግሥታትን ጦር እዚያ በበላይነት መርተዋል። ስለዚህ ይህን አጀንዳ አስይዞ የመሟገት ኃላፊነት በቅድሚያ የኢትዮጵያ መንግሥት ነው።