ሞተር በቡድን ሲነዳ ጥንቃቄና ጨዋነት አይለየው

ርዕሰ አንቀጽ



«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይባላል። አባባሉ እውነት ነው። ሰው ተባብሮ ሲሠራ፣ ተጠራርቶ ሲሄድ ያምርበታል። ይሁን እንጂ ሁለቱ ሳይነጋገሩ አንድ መንገድ ላይ ከወጡ መድኃኒትነታቸው ቀርቶ አንዱ ለሌላው በሽታ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ይገባል። ይህን ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ልንነጋገርበት የፈለግነው ጉዳይ ልጆቻችን ሞተር ሳይክል በቡድን ሆነው ስለሚነዱበት ሁኔታ ነው።

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ሞተር የብዙ ቤት እንጀራ መሆኑ የታወቀ ነው። ዕቃ የሚያደርስበት፣ ወደ ሥራ የሚሄድበት፣ ከውስጥ ለውስጥ መንገድ እስከ አስፋልት ሰው የሚያመላልስበት ብዙ ነው። እኛ ሞተርን ለመጥላት ይህን አልጻፍንም። አንድ ሞተረኛ ብቻውን ሲሄድና አሥር ሆነው ሲሄዱ ግን ነገሩ አንድ አይደለም። በተለይ በጥር፣ ከፋሲካም በኋላ ሰርግ ሲበዛ፣ እሑድ እሑድም ለሽርሽር ሲወጡ፣ ሞተሮቹ እንደ ንብ ተከታትለው ሲሄዱ እናያለን።

ባለፈው ጥር የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ያልሰማ ካለ እንንገረው። ሙሽሮች ያጀቡ ሞተሮች በሰፈራችን ሲያልፉ አንዲት እናታችን ከገበያ እየተመለሱ ዜብራው አጠገብ ቆመው ነበር። አራት ሞተሮች አለፉ። እናታችን ያለቀ መስሏቸው ገቡ። አምስተኛው ልጅ ከጓደኞቹ ላለመለየት ፍጥነት ጨምሮ ሲመጣ መሐል መንገድ ላይ ደረሰባቸው። ፈጣሪ ይመስገን፣ ሕይወታቸው ተረፈ። እግራቸው ግን ተሰብሮ ሦስት ወር ተኝተዋል፤ ዛሬም ያለ ከዘራ አይሄዱም። ልጁም የእኛው ልጅ ነው። ክንዱ ተሰብሮ ነበር። የመድን ውል ስላልነበረው ለማሳከሚያ የሚተዳደርበትን ሞተር ሸጦ አሁን የቀን ሥራ ይሠራል። ሽማግሌዎች ተልከው ዕርቅ ሲወርድ እኒያ እናት የተናገሩት አንድ ቃል ግን እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም። «የፊተኞቹን እኮ አሳልፌያለሁ፤ ስንት እንደሆናችሁ ማን ነገረኝ?» ነው ያሉት።

ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። እግረኛው የሚያየው ፊት ያለውን ሞተር ነው። ከማዶ የሚመጣው ሹፌርም፣ ከመጋጠሚያ የሚገባው ባጃጅም እንደዚሁ ነው። የኋላኛው ሞተረኛ ግን «ፊተኛው ካለፈ እኔም አልፋለሁ» ይላል። ዓይኑም መንገዱ ላይ ሳይሆን የጓደኛው ጀርባ ላይ ነው። እንግዲህ አንዱ ሁሉም ያለፈ መስሎት ሲገባ፣ ሌላው መንገዱ የተጠበቀለት መስሎት ሲመጣ መጋጨታቸው አይቀርም። ስለዚህ የቡድን አነዳድ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ይሁን፤ በቡድን ብትሄድም የምትነዳው አንተ ነህ፤ ዜብራውንም፣ መጋጠሚያውንም፣ መታጠፊያውንም በራስህ ዓይን አይተህ እለፍ። ጓደኛህ ያለፈበት መንገድ ላንተም ክፍት ነው ማለት አይደለም።

የሚያውቁ ሞተረኞችን ጠይቀን፣ በውጭ አገር የሞተር ማሠልጠኛዎች የሚሰጠውንም ትምህርት አስነብበን ያገኘነውን ከዚህ በታች እናቀርባለን።

ከመነሣት በፊት ንግግር ያስፈልጋል። ወዴት እንደሚኬድ፣ የት እንደሚቆም፣ ነዳጅ የት እንደሚቀዳ፣ አንድ ሰው ቢለይ የት እንደሚጠበቅ ሁሉም ይወቅ። ቦታው ከታወቀ ማንም ለመድረስ አይሮጥም። ከሰባት በላይ ከሆኑ በሁለት ይከፈሉና በመሐላቸው መኪና የሚገባበት በቂ ቦታ ይተዉ። ጎማ፣ ፍሬን፣ መብራት፣ ፍሬቻና ሰንሰለት የሚታየው ቤት እያሉ ነው እንጂ ዳገት ላይ አይደለም።

ቀጥሎ የአሰላለፍ ነገር ነው። ከፊት የሚመራው መንገዱን የሚያውቅና የማይቸኩል ይሁን። አዲስ ለማጅ ከመሪው ቀጥሎ ሁለተኛ ይግባ። ብዙ ጊዜ ግን ለማጁን መጨረሻ ላይ ያስቀሩትና ለመድረስ ሲል ከአቅሙ በላይ ይነዳል። መጨረሻ ላይ የሚሆነው ልምድ ያለው፣ ስልክና የመፍቻ ዕቃ የያዘ ሰው ነው። የተበላሸበትን ወይም የወደቀን የሚያነሣ እርሱ ነውና። ፍጥነቱም የሚለካው በጎበዙ ሳይሆን በደካማው ነው።

መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ ሲሆን መሪው ከመስመሩ በግራ በኩል፣ ሁለተኛው ትንሽ ራቅ ብሎ በቀኝ በኩል፣ ሦስተኛው እንደገና በግራ እየሆኑ ይሄዳሉ። በዚህ ዓይነት እያንዳንዱ ፊቱ ክፍት ይሆንለታል። ጎን ለጎን እያወሩ መንዳት ግን ክልክል መሆን አለበት፤ አንዱ ጉድጓድ ሊሸሽ ሲል ጓደኛውን ይመታል። ጠምዛዛ መንገድ፣ ጠባብ ድልድይ፣ ኮረኮንች ወይም ጉም ሲያጋጥም ደግሞ ተራ በተራ በአንድ መስመር መሄድ ነው።

ርቀትን በሚመለከት፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰኮንድ ብቻ ከ16 ሜትር በላይ ይሄዳል። ሰው ደንግጦ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰኮንድ ቢፈጅበት ሞተሩ ያን ያህል መንገድ ሄዷል ማለት ነው። ስለሆነም በአንድ ጎን ከፊት ካለው ሞተር ቢያንስ የሁለት ሰኮንድ ርቀት ይኑር። ፊተኛው አንድ የመብራት ምሰሶ ሲያልፍ ሰኮንድ ቆጥራችሁ ተመልከቱ፤ ሁለት ሳይሞላ እናንተም ምሰሶው ጋ ከደረሳችሁ ተጠግታችኋል። ዝናብ ሲሆን ርቀቱን እጥፍ አድርጉት። በተለይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል አስፋልቱ ላይ የከረመው ዘይትና አቧራ ስለሚቀላቀል መንገዱ ሙልጭልጭ ይላል።

መቅደምም የየግል ነው። መሪው ሲኖትራክ ስለቀደመ ሌላው ተከትሎ መውጣት የለበትም። እያንዳንዱ ተራውን ጠብቆ፣ ፍሬቻ አሳይቶ፣ ከማዶ የሚመጣውን አይቶ ይቀድማል። የቀደመውም ወዲያው ፍሬን አይያዝ፤ ለሚከተለው መግቢያ ቦታ ይተውለት።

የየመንገዳችንም ጠባይ የተለያየ ነው። በጅማ መንገድ ከዓለም ገና እስከ ሰበታ ፋብሪካዎች ስላሉ ማታ ሠራተኛ ሲለቀቅ የመንገዱ ዳር በእግረኛ ይሞላል። ዓለም ገና መገንጠያው ላይ ደግሞ ወደ ቡታጅራ የሚታጠፍ መኪና አለ፤ ቡድን ሆኖ በዚያ ሰዓት በፍጥነት ማለፍ ሰውን በጅምላ ለአደጋ ማጋለጥ ነው። በቡራዩ በኩል ያለው የአምቦ መንገድ ነው፤ ታክሲው በየቦታው ስለሚቆም ከታክሲ በስተጀርባ ምን እንደሚወጣ አይታወቅም። የሱሉልታው መንገድ ከእንጦጦ ተራራ ቁልቁል ወርዶ ሜዳ ላይ ይዘረጋል፤ ቁልቁለቱን በማርሽ እየያዙ መውረድ እንጂ በፍሬን ብቻ መተማመን አይገባም። ጧት ጉምና ውርጭ ያለበት፣ የጎጃም መንገድ ከባድ መኪናም የማይጠፋበት ነው። በማለዳ በዚያው አካባቢ የሚሮጡ አትሌቶች አሉ። አገር የሚያስጠሩ ልጆች ናቸውና ሞተረኛው ራቅ ብሎ፣ ክላክስ ሳያንባርቅ ይለፋቸው።

ከጥንቃቄው ቀጥሎ ጨዋነት ነው። አሥር ሞተር ባንድነት ክላክስ ሲነፋ ለነጂዎቹ ደስታ ነው፤ በቤት ውስጥ ላለው በሽተኛና አራስ ግን ሥቃይ ነው። የማርሚታውን ድምፅ ማፈኛ አውጥቶ በሌሊት እያስጮኹ መሄድ ጀግንነት አይደለም። የለቅሶ ድንኳን ሲገኝ ቀስ ብሎ፣ ድምፅ ቀንሶ ማለፍ የቆየ ባህላችን ነው፤ ፈረሰኛ እንኳ ወርዶ ያልፍ ነበር ይሉን ነበር አባቶቻችን። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አጠገብም እንዲሁ። ከብት፣ አህያ ወይም ጋሪ ሲያጋጥም አንድ ሞተር ያላስደነበረውን እንስሳ አምስተኛው ሊያስደነብረው ይችላል፤ ባለቤቱ እስኪያሳልፍ ሁሉም ይቁም። የትራፊክ ፖሊስ ካልፈቀደ በቀር መጋጠሚያ ዘግቶ «ጓደኞቼ ይለፉ» ማለት ለማንም አልተፈቀደም። መንገዱ የጋራ ነው።

የራስ መከላከያ ሄልሜትን በሚመለከት ክርክር የለውም፤ ሕጉም ያዛል። በዓለም የተደረጉ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ሄልሜት ያደረገ ሞተረኛ በአደጋ የመሞት ዕድሉ በ42 ከመቶ፣ ጭንቅላቱ የመጎዳት ዕድሉም በ69 ከመቶ ያህል እንደሚቀንስ ተረጋግጧል። ታዲያ ልጆቻችን ሄልሜቱን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው ለምን ይሄዳሉ? ክንድ በወጌሻም ይጠገናል፤ ጭንቅላት ግን መለዋወጫ የለውም። ከኋላ የተፈናጠጠውም ሄልሜት ያስፈልገዋል። ማሰሪያው ካልታሰረም እንዳልተደረገ ይቆጠራል። የሦስተኛ ወገን መድንም በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 799 መሠረት ግዴታ ነው። ያለመድን መንዳት ምን እንደሚያመጣ ከላይ ከጠቀስነው ልጅ ተምረናል።

አደጋ ከደረሰ ሁሉም ግር ብሎ መሐል አስፋልት ላይ አይቁም። አንድ ሰው ከፊት፣ አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ መኪና ያስቁም፤ አንዱ ወደ 907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ ይደውል። የወደቀውን ሰው ጎትቶ ማንሣት፣ ሄልሜቱን መንጭቆ ማውለቅ አንገቱን ሊጎዳው ይችላል። የሚተነፍስ ከሆነ ሳይነካካ፣ ደም ከፈሰሰው በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ እየያዙ የሚያውቅ ሰው እስኪመጣ መጠበቅ ነው። ገጭቶ መሸሽ ግን ከወንጀልም በላይ ነውር ነው።

አንድ ነገር እናስታውስ። በ2011 ዓ.ም. የክረምት መግቢያ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የሞተር እንቅስቃሴን ከልክሎ እንደነበር አይዘነጋም። ምክንያቱ በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያና ወንጀል በዝቷል የሚል ነበር። በዚያን ጊዜ የተጎዳው ሌባው ብቻ አልነበረም፤ ሠርቶ አዳሪውም አብሮ ከሥራ ወጣ። በኋላ በፈቃድና በቁጥጥር ቢመለስም ያ ጊዜ ትምህርት ሊሆነን ይገባል። የጥቂቶች ጥፋት የሁሉንም እንጀራ ይዘጋል። ሦስቱ ከተሞቻችን ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለው መንገዱም ሕዝቡም እየበዛ ነው። ትእዛዝ ከላይ እስኪመጣ ሳንጠብቅ ራሳችንን ብናርም ይሻላል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

እስካሁን ስለ ሞተረኞቹ ተናገርን። እውነቱን ለመናገር ግን እኛም ንጹሓን አይደለንም። በዚያ ሰርግ ዕለት ሞተሮቹ ሲንባረቁ ያጨበጨብነው እኛ ነን። አጃቢ በበዛ ቁጥር ሰርጉ የደመቀ የሚመስለን እኛ ነን። ልጆቹ ከመነሣታቸው በፊት «ጠጡ እንጂ፣ ሰርግ አይደል ወይ!» እያልን ጠላውንና ጠጁን፣ ቢራውን ያቀረብነው እኛው ነን። የዚህ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ሰዎችም በቦታው ነበርን፤ አንዳችንም «ተዉ» አላልንም። እኒያን እናት ይቅርታ የጠየቀው ልጁ ብቻ መሆኑ ያሳፍረናል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ እኛም ይቅርታ እንጠይቃቸዋለን።

ከእንግዲህ የሚከተለው እንዲደረግ ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ሰርግ የሚደግስ ቤተሰብ በሞተር ለሚያጅቡ ልጆች ምግብ እንጂ መጠጥ እንዳያቀርብ፤ የድርሻቸው ከተመለሱ በኋላ፣ ሞተሩ ከቆመ በኋላ ይቆይላቸው። ሁለተኛ፣ ሄልሜት፣ መንጃ ፈቃድና መድን የሌለው በአጃቢነት እንዳይጠራ። ሦስተኛ፣ በሰፈራችን ውስጥ ሲያልፉ መጨረሻ ላይ ያለው ሞተረኛ ደማቅ ሰደርያ እንዲለብስ፣ ነዋሪውም ሰደርያው ሳያልፍ አስፋልት እንዳይሻገር፤ እናታችን የጠየቁትን ጥያቄ የምንመልሰው በዚህ ነው። ቢሆንም ሰደርያው ለሞተረኛው የመብት ደብዳቤ አይደለም፤ ዜብራ ላይ ሰው ከቆመ የሚቆመው ሞተረኛው ነው። አራተኛ፣ ቡድኑ ወደ ቡራዩና ወደ ሱሉልታ ሲሄድም የሰው ሰፈርን እንደ ራሱ ሰፈር እንዲያከብር።

በዚህ ሐሳብ ላይ ለመነጋገር ከሚቀጥለው የእሑድ ስብሰባ በኋላ ሞተር ያላችሁ ልጆች፣ ወላጆቻችሁም ጭምር እንድትቆዩ እንጠይቃለን። የምንጠራችሁ ለመቆጣት አይደለም። እናንተ የምታውቁትን ለእኛ፣ እኛ የፈራነውን ለእናንተ ለመንገር ነው። በአማርኛ «ቀስ በል»፣ በኦሮምኛ «ሱታ ዴሚ» እንላለን፤ በሁለቱም ቋንቋ ትርጉሙ አንድ ነው። በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ግቡልን።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ስለ ጽሕፈት ቤቱ